በእማማ ቤት ሥጋ የማንበላው ለምንድን ነው?

ጥያቄ (ከደሴ የምጽፍ አባት)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ በአባቴ በኩል ክርስቲያን ስሆን የእናቴ ወገኖች ግን የቃሉ ወረዳ ሙስሊሞች ናቸው። እናቴ አባቴን ስታገባ በእሱ ሃይማኖት ገባች እንጂ ከእናት ከአባቷ ቤት አልተቆረጠችም፤ እኛም ልጆቿ ገናንና ፋሲካን ደሴ፣ አረፋንና መውሊድን ሐርቡ ከእናቴ ታላቅ እህት ቤት እያሳለፍን አደግን። ልጆቼም እኚህን አክስቴን «እማማ» እያሉ ነው የሚጠሯቸው።

ባለፈው አረፋ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጄን ይዤ ሐርቡ ወረድሁ። እማማ እንደ ልማዳቸው ለእኛ ሽሮውን በቅቤ ሠርተው፣ እንቁላሉን ጠብሰው፣ እርጎውንም ጨምረው ለብቻ አቀረቡልን፤ የበጉ ወጥ ደግሞ አጠገባችን ለተቀመጡት ዘመዶቻችን ቀረበ። ልጄ እኩዮቹ ሲበሉ ዝም ብሎ ሲመለከት ቆየና ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «አባዬ፣ የእማማ በግ ታሞ ነበር እንዴ?» አለኝ። እማማ ይስሙ አይስሙ አላውቅም፤ እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ።

በልጅነቴ እኔም ይህንኑ ጠይቄ «የእስላም ሥጋ ነው፤ እኛ አንበላም» ተብያለሁ፤ ያም መልስ እስከ ዛሬ በቅቶኝ ኖሯል። ለልጄ ያንኑ ብደግምለት ግን የሚወዳቸውን የእማማን እጅ የተጸየፍን እንዳይመስለው ሰጋሁ። እናንተ በየቤታችሁ የማትበሉት ምግብ የትኛው ነው? ልጅ ሲጠይቃችሁስ ምክንያቱን እንዴት ታስረዱታላችሁ?

መልስ 1 (ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ የልጅህ ጥያቄ ልቤን ነካኝ። በመጀመሪያ ለልጁ በጉ ጤነኛ እንደነበር ንገረው፤ ይህን ሳይነግሩት ወደ ሌላው መሻገር ተገቢ አይደለም።

ቀጥሎም በእማማ ቤት የበላውን እንዲቆጥር አድርገው። እንጀራቸውን በልቷል፤ ቅቤያቸውን፣ እርጎአቸውን፣ እንቁላላቸውንም በልቷል፤ ውኃውንም ከእነርሱ ጋር በአንድ ጣሳ ጠጥቷል። እጃቸውን ብትጸየፉ ኖሮ ከዚህ አንዱንም ባልነካችሁ ነበር። በወሎ የተለየው ቢላዋ ያረፈበት ብቻ ነው። እኛ በጉን ስናርድ ወደ ቂብላ እናዞረዋለን፤ መካ ከእኛ በስተ ሰሜን ናትና ፊቱ ወደ ሰሜን ይሆናል፤ «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» ብለንም እናርዳለን። እናንተ ወደ ምሥራቅ አዙራችሁ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ትባርካላችሁ። ገበያው አንድ፣ መስኩ አንድ፣ በጉም የአንድ እናት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው በመጨረሻዋ ደቂቃ የተጠራበት ስም ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህንን ይረዳል፤ እኔ ለአርባ ዓመት ያህል ልጆች አስተምሬአለሁና አውቃለሁ።

ከሃይማኖት መጽሐፍ አንጻር ነገሩ ከዚህ የሰፋ ነው። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ አምስተኛ አንቀጽ መጽሐፍ የተሰጣቸውን ሰዎች ምግብ ለእኛ ሐላል ያደርገዋል፤ አያቴም ይህን አንቀጽ በቃላቸው ያውቁት ነበር። ይሁንና ከክርስቲያን ሥጋ አንድ ቀን ቀምሰው አያውቁም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው የነገሩኝ የታሪክን ነገር ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ባዘዙ ጊዜ፣ አንድ ሰው ሃይማኖቱን መለወጡ ወይም መጽናቱ የሚታወቀው በማዕዱ እንደነበር ከአባቶቻቸው ሰምተዋል፤ በአደባባይ የማንን ሥጋ በላ ተብሎ ይታይ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ምግብ ብቻ ሳይሆን ምስክርነትም ሆኖ ቀረ። አያቴ «ብበላ ኃጢአት ይሆንብኛል አልልም፤ ግን በልቼ ስታይ ጎረቤቴ ምን ብላ ትረዳለች?» ይሉ ነበር።

ጎረቤቶቼ ሰርግ ሲደግሱ የማየውንም ልጨምርልህ። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ አንድ ሰንጋ ወይም ሁለት ሦስት ሙክት ከነሕይወቱ ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ አይቀርብም። አራጁ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ድስቱና ጭልፋው ከሙስሊሙ ወገን ይመጣል፤ ጠላና ጠጁ በማይደርስበት በኩልም ብርዝ ይቀርባል። ሙስሊሙ ሲደግስም እንዲሁ ነው። ድግሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ደግሞ ቅቤ ያልነካው ድስት ለጿሚዎች ለብቻው ይጣዳል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ወጪና ድካም የሚያወጣው እንግዳው የማይበላውን ስለሚያከብርለት ነው።

መልስ 2 (የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ከሐይቅ)

መምህር፣ በጽሑፍዎ ብዙ ተምሬአለሁ። በአንድ ነገር ላይ ግን ትንሽ ልጨምር፤ የምንተወው ሁሉ በቢላዋው ምክንያት ብቻ አይደለም። ማንም ቢባርከው የማንበላው አለ። በባቲ የሰኞ ገበያ ግመል እንደ በሬ ይሸጣል፤ ሙስሊም ወንድሞቻችን ሥጋውንም ወተቱንም ይጠቀማሉ፤ እኛ ግን አንነካውም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ያመሰኳል እንጂ ሰኮናው አልተሰነጠቀም ብሎ ለይቶታልና። ጥንቸልም በዚያው ምዕራፍ ተጠቅሳለች። ከእኛው ሐይቅ የሚወጣውን ቆረሶ ጠብሰን እንበላለን፤ አምባዛውን ግን ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ሰው ይተወዋል። አሳማን በተመለከተ ደግሞ ሁለታችንም አንድ ነን፤ በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቃል የሚተዉት ሥጋ እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ለጠያቂው ወንድሜ የምለው አለኝ። ለልጅህ «መጽሐፉ ስለከለከለ ነው» ብለህ ብቻ አትተወው፤ የቤተ ክርስቲያናችን መልስ ከዚያ የጠለቀ ነውና። አፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ ሚሲዮናውያን «የአይሁድን ሥርዓት ትከተላላችሁ» ብለው ሲከሱን በጻፉት የእምነት መግለጫ፣ የአሳማ ሥጋ የማንበላው እንደ አይሁድ በኦሪት ሕግ ታስረን እንዳልሆነ፣ የሚበላውን እንደማንጸየፍ፣ የማይበላውንም እንደማናስገድድ ገልጸዋል። ያስደገፉትም ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በምዕራፍ 14 የጻፈውን ነው፤ የሚበላ የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላም በሚበላው ላይ አይፍረድ። እኔ ለማስተምራቸው ልጆች የምነግራቸው ይህንን ነው፤ ከአባቶቻችን የተቀበልነውን እንጠብቃለን፤ ይህን ባለመጠበቁ ግን ማንንም ርኩስ አንልም። ስለ አምባዛ ሲጠይቁኝም እንዲሁ እመልሳለሁ፣ ምንም እንኳ አንዳንዱ ልጅ ዓሣ አጥማጅ አባቱ ቤት የሚበላ ቢሆንም።

መልስ 3 (የጤና ባለሙያ፣ ከደላንታ)

የሃይማኖቱን ነገር ለሚያውቁት ትቼ ስለ ሌላ ዓይነት እምቢታ ልጻፍ። እኔ ጓያ አልበላም፤ በቤቴም አይገባም። የአባቴን ታናሽ ወንድም ጓያ ሰብሮት በሁለት ምርኩዝ ሲሄድ እያየሁ ነው ያደግሁት። በ1980ዎቹ መጨረሻ በድርቁ ምክንያት ሌላው እህል ሲጠፋ በእኛ ደላንታ ብዙ ወጣት እንዲህ ሆኖ ቀርቷል።

ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን ዋልካ መሬትም ይችላል፤ ስለዚህ ሌላው ሰብል ሲከዳ እርሱ ይገኛል። በውስጡ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። አንድ ሰው አልፎ አልፎ ቢቀምሰው አይጎዳውም፤ ለሁለትና ለሦስት ወር ግን ዋና ምግቡ ካደረገው ከወገብ በታች ያሉት ጡንቻዎች እየገተሩ እግሩ ይያዛል። አእምሮው ደህና ነው፤ እጁም ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ እግሩ ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ መድኃኒትም የለውም። ከሴቶች ይልቅ ወጣት ወንዶች በብዛት ይጠቃሉ። ዘፍዝፎ ወይም ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ መብላትም ጉዳቱን ያሳንሳል።

በሥራዬ የሚያሳዝነኝ ሰው ጓያን የሚፈራበት መንገድ ነው። ሲቀቀል እንፋሎቱ ይሰብራል፣ በማሳው መካከል ማለፍም ይሰብራል የሚሉ አሉ፤ እናትየዋ ከእንፋሎቱ ትሸሽና ልጇን ግን በየቀኑ ቂጣውን ታበላዋለች። ከገበያ በርካሽ በሚገዛ ሽሮ ውስጥም ጓያ እየተቀላቀለ ይሸጣል፤ እኔ ጥራጥሬውን ራሴ ገዝቼ፣ ራሴ ለቅሜ የማስፈጨው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የሚቻለው ግን ሌላ የሚበላ ላለው ነው። በክፉ ዘመን ጓያ የበላን ሰው «ለምን በላህ?» ብሎ መውቀስ አይገባም፤ አጎቴ እንደሚጎዳው እያወቀ ነው የበላው፣ ሌላ አልነበረማ።

ጥሬ ሥጋንም እተዋለሁ፤ የኮሶ ትል የሚተላለፈው በጥሬ የከብት ሥጋ መሆኑን ስለማውቅ ነው። በቤተ ሰቤ መካከል ክትፎውን «ለብ» ሳይሆን በደንብ የበሰለ ስጠይቅ ቅር የሚላቸው ነበሩ፤ አሁን ለምደውልኛል።

መልስ 4 (ከወረባቦ፣ አሁን አዲስ አበባ የምኖር)

የሁላችሁንም በአክብሮት አነበብሁ። እኔ ያደግሁት መምህር በገለጹት ሥርዓት ነው፤ ወደ ከተማ ስመጣ ግን ያ ሥርዓት አብሮኝ አልመጣም። በምሠራበት ቦታ የዓመት መጨረሻ ግብዣ ሲዘጋጅ ማንም አራጁን የሚጠይቅ የለም፤ እኔም ሳህኑን ሰላጣ ብቻ ሞልቼ ስመለስ «ታካብጂያለሽ» ተባልሁ። የባሰ የጎዳኝ ቃሉን የተናገረችው ልጅ የወልድያ ልጅ መሆኗ ነው፤ እናቷ ቤት ሁለት ድስት ሳይጣድ የማይቀር ይመስለኛል። ወንድሜ፣ ለልጅህ የምትነግረው ነገር ለሌላ አገር የሚሄድበት ስንቅ ጭምር ነውና፣ የራሱን ምክንያት ብቻ ሳይሆን የሌላውን ሰው እምቢታ እንዴት ማስተናገድ እንዳለበትም አስተምረው።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመምህርን ምክር ተቀብዬ ለልጄ እየቆጠርሁ ነገርሁት። ሰሜንና ምሥራቁን ሲሰማ ተነሥቶ በቤቱ ውስጥ አቅጣጫውን ለየ፤ ቀጥሎም «ስሙ ብቻ ከሆነ እማማ ቤት አንተ ብታርድስ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጥቼ ስልክ ደውዬ ለእማማ ነገርኋቸው።

ለካ ያን ዕለት የልጁን ጥያቄ ሰምተውት ኖሯል። «አብሽር፣ ልጄ» አሉኝ፤ «እኔም እሱን ሳስብ ነበር። አንዲት ጠቦት ለይቼለታለሁ። ስትመጡ ቢላዋህንና ድስትህን ይዘህ ና፤ በግቢዬ የአንተን ስም ጠርተህ አርደህ አብላው፤ እኔ እንጨቱን አነድልሃለሁ።» የምንሄደው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ነው፤ ልጄ ድስቱን ከአሁኑ መርጦ አስቀምጧል።