ለባህር ዛፍ የትኛው ቼይንሶ? ስቲል፣ ሁስክቫርና ወይስ የቻይናው

«ቼይንሶ (የሞተር መጋዝ) ስገዛ ስቲል ይሁን ወይስ ሁስክቫርና?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ አንዴ ጠቅለል አድርጌ ልመልስ። አጭሩ መልስ፦ ሁለቱም አያሳፍሩም። እናንተ ከተማ መለዋወጫው የሚገኝለትንና ፈትቶ የሚገጥመው መካኒክ ያለለትን ግዙ። በስሙ ብቻ ተገዝቶ፣ አንዲት የካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ ጠፍታ መጋዘን ውስጥ አቧራ የሚጠጣ ማሽን ስንት አለ መሰላችሁ።

ከብራንዱ በፊት ግን ዛፉ። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ላይ ለከሰል እንደሚቆረጠው ዲከረንስ (የግራር ዓይነት) ያለ ቀጭን እንጨት፣ ወይም አጠናና ማገር ከሆነ ሥራችሁ፣ ትልቅ ማሽን ወገብ ከማጉበጥ ሌላ ጥቅም የለውም። ለዚህ ስቲል ኤምኤስ 250 (45.4 ሲሲ፤ ሲሲ የሞተሩ መጠን ነው) ይበቃል። ኤምኤስ 170 እና 180 ደግሞ ከ30 ሲሲ ብዙም አይርቁም፤ ለግቢ ዛፍና ለቅርንጫፍ ሸጋ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ግንድ ልጣልባቸው ካላችሁ ግን ትጨርሷቸዋላችሁ። ለጣውላ የሚሆን ያረጀ ባህር ዛፍ የምትጥሉ ከሆነ 70 ሲሲ አካባቢ ግቡ።

በዚህ መጠን ፉክክሩ የስቲል ኤምኤስ 381 (72.2 ሲሲ) እና የሁስክቫርና 372 ኤክስፒ (70.7 ሲሲ) ነው። በጉልበት ይቀራረባሉ። እኔ እጄ ላይ ሁስክቫርናው ይቀለኛል፣ ንዝረቱም ያንሳል፤ ስቲሉ ግን ወፈር ያለ፣ በደልን የሚችል ማሽን ነው፣ ብዙ ሠራተኛ እየተቀባበለ ለሚሠራበት ቦታ እሱን እመርጣለሁ። የ372 ታናሽ የሆነው 365 ብዙ ዕቃ ስለሚጋራው በዋጋ ከተጨነቃችሁ እሱን እዩት፣ አትጎዱም።

ስቲል 070ን የሚያመልኩ አሉ። ከ100 ሲሲ በላይ ነው፣ ያለ ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) እንኳ 10 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ግንድ ለመሰንጠቅ ወደር የለውም። ግን ዲዛይኑ የ1960ዎቹ ነው፣ በአብዛኛው የሰንሰለት ፍሬንም የለውም፤ ባሩ ወደ ፊታችሁ ቢፈናጠር የሚያቆመው ነገር የለም ማለት ነው። ለዕለት ቆረጣ አልመክርም። በዚያ ላይ እንደሱ ፎርጅድ የሚሠራለት ማሽን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ቻይናው። 5200 እና 5800 እየተባሉ በሃያ ዓይነት ስም የሚሸጡት ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሥረ መሠረታቸው ዜኖዋ የተባለው የጃፓን ማሽን ነው። ላዩ ላይ 58 ሲሲ ቢል ውስጡ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል፣ በቁጥሩ አትሸወዱ። ትልቁ ጥቅማቸው ግን ይኼው መመሳሰላቸው ነው፦ የአንዱ ካርቡራተር ለሌላው ይገጥማል፣ የማስነሻ ገመዱ ቤትም እንደዚያው፣ ዕቃውም ርካሽ ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚቆርጥ ገበሬ ይህ መጥፎ ምርጫ አይደለም። በሱ እንጀራ የሚበላ ሰው ግን ይተወው፤ ጥራቱ ከካርቶን ካርቶን ይለያያል፣ አንዱ ሲበረታ አንዱ ገና ሲነሳ ያለቅሳል።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ከአሜሪካ ኦርጅናል ላስመጣ» ሲባል ደስ ይላል፣ ግን ኤምኤስ 381 እና 070 በጭስ ሕግ ምክንያት አሜሪካም አውሮፓም አዲስ አይሸጡም። እዚያ የሚሸጠው ሌላ ሞዴል ነው፣ ዕቃው መርካቶ ላይ ላይኖር ይችላል። ይባስ ብሎ ካርቡራተሩን በኮምፒውተር የሚቆጣጠሩት፣ ስቲል ኤም ትሮኒክ ሁስክቫርና አውቶ ቲዩን የሚሏቸው፣ ሲበላሹ በካቻቢቴ የሚስተካከሉ አይደሉም። ከፍታን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ እስኪበላሹ ድረስ ግን ምቹ ናቸው፣ ያንን አልክድም።

የከፍታውን ጉዳይ ካነሳሁ አይቀር፣ ይቺን ብዙ ሻጭ አይነግራችሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፣ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ዝቅ ላለ አገር የተስተካከለ ማሽን ቤንዚን ይበዛበታል፤ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበት ያጣል። ሰው ወዲያው «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ኤች የተጻፈባትን ቪቴ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ማዞር ነው፣ ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይሰጥ ሲዞር ያለውን) ደግሞ ኤል በተጻፈባት። ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ ድምፁ ጥርት ካለ በኋላ ትንሽ እንዲንተባተብ መልሳችሁ ክፈቱት፤ እንጨት ሲቆርጥ ድምፁ ጥርት ይላል። ተጠንቀቁ ግን፣ ደጋ ላይ ኤች የጠበበለትን ማሽን ወደ ቆላ ይዛችሁ ከወረዳችሁ ኤችን መልሳችሁ መክፈት አለባችሁ። አለዚያ ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው ዘይትም ያንሰዋል፣ ፒስተኑ ይግላል፣ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል)። ከዚያ ሲሊንደር፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ምናምን፣ የማሽኑን ግማሽ ዋጋ ይዛችሁ መርካቶ ናችሁ።

ዘይትም እንደዚሁ። ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው የ«ቱ ስትሮክ» (ባለ ሁለት ምት ሞተር) ዘይት እንጂ የመኪና ሞተር ዘይት አይደለም። ስቲል በራሱ ዘይት 1 ለ50 (ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር)፣ በሌላ ደህና የ«ቱ ስትሮክ» ዘይት ደግሞ 1 ለ25 (40 ሚሊ ሊትር) ይላል። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ውስጥ ላምባ ገብቶበት ከሆነ የትኛውም ብራንድ አያድናችሁም፣ ከማደያ ቅዱ። ለሰንሰለቱ የተቃጠለ ዘይት የሚያፈሱ ብዙ ናቸው፣ ርካሽ ነውና ይገባኛል፤ ግን ውስጡ የብረት ብናኝ አለው፣ የዘይት ፓምፑን ይበላል፣ ለቆዳችሁም አይበጅም።

መለዋወጫ ስትገዙ ሰው በጣም የሚሸወደው በሰንሰለት ነው። «የስቲል ነው፣ ለሁስክቫርናም ይሆናል» ቢሏችሁ አትስሙ። 70 ሲሲ አካባቢ ባሉት ማሽኖች ላይ ሁለቱም ባለ 3/8 ሰንሰለት (ቁጥሩ የሰንሰለቱ ዓይኖች ርቀት በኢንች ነው) ይወስዳሉ፣ ግን የስቲሉ ባር ስንጥቅ ብዙ ጊዜ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሁስክቫርናው 1.5 ነው። ወፍራሙ በቀጭኑ አይገባም፣ ቀጭኑ በወፍራሙ ገብቶ ይወላገዳል፣ ቆረጣው ጠማማ ይሄዳል። የኦሬገን ሰንሰለት ከሆነ ባሩ ውስጥ በምትገባው ጥርስ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ፦ 73 ማለት 1.5 ነው፣ 75 ማለት 1.6። የነዚህን ጥርሶች ብዛት ደግሞ ከአሮጌው ሰንሰለት ላይ ቆጥራችሁ ሂዱ፣ በኢንች ብቻ አትጠይቁ። ሞረዱም ይለያያል፤ ስቲል ለ3/8 5.2 ሚሊ ይላል፣ ኦሬገን 5.5፣ እንደ ኤምኤስ 170 እና 180 ላሉ ትንንሾች 4 ሚሊ። ሰጋቱራው ዱቄት ከሆነ መሞረድ ነው፣ ማሽኑን አትጫኑት።

ኤኮ የተባለውን የጃፓን ማሽን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ማሽኑ ምርጥ ነው፣ እኔ በምዞርበት አካባቢ ግን ዕቃ የሚይዝለት ሱቅ አላየሁም። ባትሪ የሚሠራው ደግሞ መብራት የማይጠፋበት ቤት ላለው የጓሮ አትክልተኛ ይሁን።

ስለ ፎርጅድ። የካርቶኑን ቀለም አትመኑት፣ ብርቱካኑንና ነጩን ማንም ያትመዋል። አካሉ ላይ የተመታ መለያ ቁጥር ይኑር፣ ፕላስቲኩ ሲገጣጠም ክፍተት አይኑረው፣ ሻጩም ዋስትናና ደረሰኝ ይስጥ። ዋጋው ሌላ ሱቅ ካለው በግማሽ ከወረደ ለምን እንደወረደ ገብቷችኋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «የዚህን ፒስተንና የማስነሻ ሞላ አሁን አሳየኝ።» ከመደርደሪያ አንስቶ ካሳያችሁ ጥሩ ነው። «ይመጣል» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የገጠር ሰዎች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ወረዳ ግብርና ጎራ ብላችሁ ፈቃድ ይጠየቅ እንደሆነ አጣሩ፣ በተለይ የተፈጥሮ ደን አጠገብ የምትኖሩ። ማሽን ተወርሶ ከመሟገት ይሻላል።

አሮጌ ልግዛ ለምትሉ ደግሞ፣ ያገለገለ 372 ከአዲስ 5800 ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ ግን ሳትፈትሹ ብር አታውጡ። ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ። ማሽኑ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲነሳ ጠይቁ፣ አሙቆ የሚጠብቃችሁ ሻጭ የሚደብቀው አለው። የጭስ ማውጫውን ፈትታችሁ ገመዱን ቀስ እያላችሁ ሳቡና ፒስተኑን በቀዳዳው እዩት። ጎኑ ለስላሳ ከሆነ ዋጋ ተከራከሩ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሄደ ጭረት ካያችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ።