«ኤንቢ» ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

ተርጓሚዋ
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የእንግሊዝኛ ተከታታይ ድራማ ሰብታይትል ላይ «ኤንቢ» የሚል ቃል እየደጋገመ ይመጣል። ወጣቶቹ እርስ በርስ ሲያወሩ «ኤንቢ» ይላሉ፤ ሐኪሟ ግን ስለዚያው ሰው ስትናገር «ኖንባይነሪ» ነው የምትለው። ሁለቱ አንድ ናቸው? ቃሉስ ከየት መጣ? «ጾታ የለሽ» ብለሽ እለፊው የሚል ሐሳብ ቀርቦልኝ ነበር፤ አልተዋጠልኝም።

መዝገበ ቃል
ትርጉማቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በአነጋገር ደረጃ ነው። ኖንባይነሪ የሚባለው ራሱን ወንድ ብቻ ወይም ሴት ብቻ አድርጎ የማያይ ሰው ነው። ቃሉ በአጭሩ ሲጻፍ ኤንና ቢ የሚባሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይቀራሉ። «ኤንቢ» የእነዚህ ፊደላት ስም እንደሚነበበው ተጽፎ ራሱን የቻለ ቃል ሲሆን ነው። እንግሊዝኛ ይህን ቀድሞም ያውቅበታል፤ ዲጄና ኤምሲ እንደ ሙሉ ቃል የሚጻፉበት መንገድ አላቸው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የግንባታ ሻለቆችም «ሲቢ» የተባሉት ከሁለት ፊደላት ተነሥቶ ነው።

ቃሉ የተወለደው በይነመረብ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ተምብለር በተባለው የብሎግ መድረክ ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው። «ኖንባይነሪ» ቅጽል ስለሆነ «ሰው» የሚል ስም ይፈልጋል። «ኤንቢ» ግን ልክ እንደ «ቦይ» እና «ገርል» ብቻውን ስም ሆኖ ይቆማል፤ ሲበዛ «ኤንቢስ» ይላሉ። እንደ ቅጽልም ያገለግላል። በአነባበብ ጊዜ ጠበቅ ብሎ የሚነገረው «ኤን» ነው።

ሁለቱን ፊደላት ብቻ መጻፍ የቀረበት ሌላም ምክንያት አለ። ስለ ዘር በሚደረጉ ውይይቶች እነዚሁ ፊደላት «ጥቁር ያልሆነ» ለማለት ቀድመው ገብተው ነበር። ስለዚህ ግጭቱን ለማስቀረት ብዙዎች «ኤንቢ» ብለው መጻፉን መረጡ። የሚገርመው ይህ ልዩነት በእኛ ፊደል ጨርሶ ይጠፋል፤ ፊደላቱንም ቃሉንም ስንጽፍ ያው «ኤንቢ» ነው። ድራማው በዚህ ልዩነት ከቀለደ ቀልዱን መተው ይሻላል።

ሰዋስው ወዳጅ
ከላይ በተባለው ላይ ጥቂት ልጨምር። «ጾታ የለሽ» ስሕተት ነው፤ እሱ የሚቀርበው ለ«ኤጀንደር» ነው፤ ያ ደግሞ በኖንባይነሪ ጥላ ሥር ካሉት አንዱ ብቻ ነው። ከዚህ የባሰው «ፍናፍንት» ነው። እሱ ስለ አካል የሚናገር፣ ሰው የሚሰደብበትም ቃል ነው፤ ኤንቢ ደግሞ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያይ እንጂ አካሉ እንዴት እንደተፈጠረ አይናገርም። ማንን እንደሚያፈቅርም አይናገርም፤ «ግብረ ሰዶማዊ» ብሎ መተርጎምም እንዲሁ ሌላ ነገር ነው።

«ሁለትዮሽ ያልሆነ» የሚልም አይቻለሁ። የአማርኛ አንባቢ «የሁለትዮሽ» ሲባል የሚታየው ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሲጨባበጡ ነው፤ ለስምምነት ዜና ይቅር። ለሐኪሟ «ከወንድና ከሴት ምድብ ውጪ» ወይም «ኖንባይነሪ»፣ ለወጣቶቹ ደግሞ «ኤንቢ» እንዳለ ይግባ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቃሉ የወዳጅ ቃል ነው። በሕክምናና በሕግ ሰነድ ላይ አይገባም። ለዐዋቂ ሲባል የልጅ መጠሪያ ይመስላል ብለው የማይወዱት ኖንባይነሪ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ድራማው ውስጥ ማን ማንን «ኤንቢ» እንዳለ ተከታተዪ፤ ሐኪሟ በድንገት «ኤንቢ» ካለች ደራሲው ሆን ብሎ ያስገባው ነገር ነው።

ተርጓሚዋ
እግዜር ይስጥልኝ። «ኤንቢ» እንዳለ ይገባል ማለት ነው። አሁን የጨነቀኝ ግሱ ነው። እንግሊዝኛው ለአንድ ሰው «ዘይ» (እነሱ) እያለ ይሄዳል፤ እኔ «መጣ» ልበል ወይስ «መጣች»? «እነሱ» ስል ብዙ ሰው ይመስላል።

የእርማት ሰው
እህቴ፣ ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ግን፦ ኤንቢ ሁሉ «ዘይ» አይባልም፤ «ሂ» ወይም «ሺ» የሚመርጡም አሉ። ድራማው የሚለውን ብቻ ተከተዪ። ነጠላው «ዘይ» ደግሞ የዛሬ ፈጠራ አይደለም፤ ማንነቱ ላልታወቀ አንድ ሰው ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ሜሪያም-ዌብስተር የተባለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱ ቃል ብሎታል። አዲሱ ነገር ለሚታወቅ፣ ስሙ ለተጠራ ሰው መዋሉ ነው።

በአማርኛ አንደኛ መደብ አያስቸግርም፤ «ኤንቢ ነኝ» ጾታ የለውም። ችግሩ ሁለተኛና ሦስተኛ መደብ ነጠላ ላይ ነው። «እሳቸው መጡ» ጾታ አይለይም፤ ነገር ግን አንቱታ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ጓደኛውን አንቱ ሲል ተመልካች ይስቃል። ለሐኪሟ ንግግር ግን አንቱታው በደንብ ይሄዳል፤ እዚያ ሳትፈሪ ተጠቀሚበት።

ለወጣቶቹ ግሱን መሸሽ ነው። «ዘይ ይመጣሉ ወይ?» ለማለት «አሌክስስ?» ይበቃል፤ ሰብታይትል ማጠር ስለሚወድም አያስነቅፍም። «ስምህ ማነው» የሚለውን «ስም ማን ልበል?»፣ «ተናገረ» የሚለውን «ከአሌክስ የሰማሁት» እያሉ ማዞር ይቻላል። መዞሪያ በሌለበት ቦታ ብቻ «እነሱ» ይግባ፤ ይህን ከማድረግሽ በፊት ግን ገጸ ባሕርይው ራሱ «እኔን እነሱ በሉኝ» የሚልበት ትዕይንት ማለፉን አረጋግጪ። ካለፈ ተመልካቹ ይለምደዋል። ካላለፈ ሌላ ሰው የገባ ይመስለዋል።

ብዙዎች የሚስቱት ደግሞ መጨረሻዋን ፊደል ነው። «ኤንቢው» ካልሽ ወንድ አደረግሽ፤ «ኤንቢዋ» ካልሽ ሴት። «ኤንቢ የሆነ» እና «ኤንቢ የሆነች» እንዲሁ። አገናዛቢ ቅጥያ ያድንሻል፦ «ኤንቢ ጓደኛዬ»፣ «ኤንቢ ጎረቤታችን»። «ሲብሊንግ» ሲመጣ ወንድም ወይም እህት ከማለት «የእናቴ ልጅ» በዪ፤ እናታቸው አንድ መሆኗን ግን ከታሪኩ አጣሪ። ብዙ ቁጥር ላይ ምንም ችግር የለም፤ «ኤንቢዎች መጡ» ብለሽ እለፊ።

ሰዋስው ወዳጅ
«ኤምኤክስ» የሚል ማዕረግ ከስም በፊት ካጋጠመሽ እሱም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ለሚስተርና ለሚስ ምትክ ነው፤ «ሚክስ» ተብሎ ይነበባል። ከእኛ «አቶ» እና «ወይዘሮ» አንዱን አትተኪበት፤ ሙሉ ስሙን ብቻ ጻፊ።