የጉድኝት ትምህርት ቤቶችን ዜናና የተማሪ ውጤት ለወላጅ እንዴት ታደርሳላችሁ? (ድሬዳዋ)

ጉድኝት_ድሬ
ሰላም ለድሬ የትምህርት ሰዎች። በጉድኝታችን (በአንድ ላይ ተቧድነው በሚሠሩ አጎራባች ትምህርት ቤቶች) ስድስት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ አራቱ ከተማ ውስጥ፣ ሁለቱ ገጠር ቀበሌ። ሱፐርቫይዘር ነኝ። በየወሩ አንድ ወጥ ዜና ለወላጅ እንዲደርስ እፈልጋለሁ፦ የሚኒስትሪ ውጤት፣ የጥያቄና መልስ አሸናፊዎች፣ የስብሰባ ቀን፣ የማጠናከሪያ ትምህርት። ወላጁ ገሚሱ አማርኛ፣ ገሚሱ ኦሮምኛ፣ ገሚሱ ሶማልኛ ተናጋሪ ነው፤ ስማርት ስልክ የሌለውም ብዙ ነው። አሁን የሚደረገው እያንዳንዱ ርእሰ መምህር ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቶ በየራሱ ቴሌግራም ግሩፕ መልቀቅ ነው። በምን ልላክ? ውጤቱን ሳልዋሽ፣ ማንንም ሳላሳፍር እንዴት ላቅርብ?

ሮስተር
ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ ጸብ የሚያመጣው እሱ ነው።

«ይህን ያህል ፐርሰንት አሳለፍን» ሲባል የወላጅ የመጀመሪያ ጥያቄ መሆን ያለበት «ከስንት?» ነው። ለምሳሌ ያህል መስከረም ላይ 8ኛ ክፍል 62 ልጆች ተመዘገቡ፣ 58ቱ ለፈተና ተቀመጡ፣ 41ዱ 50ና ከዚያ በላይ አመጡ እንበል። ከተፈተኑት ሲሰላ 70.7 በመቶ ነው፤ ከተመዘገቡት ሲሰላ 66.1። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስህተቱ የሚመጣው አምና በአንዱ፣ ዘንድሮ በሌላው ሲሰላ ነው፤ ያኔ ማንም ሳይሻሻል «ተሻሻልን» ይባላል። ሦስቱንም ቁጥር ይጻፏቸው፦ የተመዘገበ፣ የተፈተነ፣ ያለፈ። ያልተቀመጡት አራት ልጆች የት እንደደረሱ ወላጅ ይጠይቃል፤ ይጠይቅ። መልሱን ግን አስቀድመው ከርእሰ መምህሩ ይያዙ።

ትንሽ ክፍል ላይ ፐርሰንት አይጠቀሙ። 12 ልጆች ባሉበት የገጠር ክፍል አንድ ልጅ ሲወድቅ ውጤቱ 8.3 ነጥብ ይወርዳል፤ ከሩቅ ለሚያይ ትምህርት ቤቱ የፈረሰ ይመስላል። ከ30 በታች ከሆኑ «ከ12ቱ 9ኙ» ይበሉ። ሰውም በንግግሩ የሚለው እንደዚያ ነው።

ሌላው የማየው ስህተት ፐርሰንታይልን ከአማካይ ጋር ማደባለቅ ነው። የውጤት ወረቀቱ ላይ ፐርሰንታይል 85 የሚል ካለ ልጁ 85 አመጣ ማለት አይደለም፤ ከተፈተኑት 85 በመቶ የሚሆኑትን በለጠ ማለት ነው። አማካዩ 60 ሊሆን ይችላል። ይህን በአንድ መስመር ካላብራሩ ሰፈሩ በሙሉ 85 ያመጣ ልጅ ይወልዳል።

ስድስቱን ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ አይደርድሩ። ከተማ ውስጥ ያለ የከዚራ ሰፈር ትምህርት ቤትና የገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤት የሚያነጻጽራቸው ነገር የለም። እያንዳንዱን ከራሱ አምና ጋር ያስተያዩ፣ ወንድና ሴት ለየብቻ። የሒሳብ አማካይ 34 ከሆነ 34 ብለው ይጻፉ፤ ከሥሩ ምን እንደሚደረግ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት። ለእኔ ደግሞ ከጥያቄና መልስ ዋንጫ ይልቅ «ከ3ኛ ክፍል ልጆች ስንቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንቀጽ አንብቦ ይረዳል» የሚለው ትልቅ ዜና ነው፤ ማንም ሲለጥፈው ግን አይታይም።

ኬብልና_ጠመኔ
ስለ መላኪያው። ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ይክፈቱ። ግሩፕ ላይ ማስታወቂያው ከ«እሺ» እና ከ«አመሰግናለሁ» ሥር ይቀበራል፤ ወላጆችም አንዱ የሌላውን አካውንት ያያሉ። ቻናል ላይ የሚጽፉት አስተዳዳሪዎቹ ብቻ ናቸው፣ ተከታዮቹም እርስ በርስ አይተያዩም። ለጥያቄ ሌላ መንገድ ይስጡ።

ቻናሉ በማን ስልክ ነው የሚከፈተው? በግል ቁጥር ተከፍቶ ሰውዬው ሲዛወር ቻናሉም አብሮት ይሄዳል። በቢሮ ሲም ይክፈቱት፣ ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ አስተዳዳሪ ይመድቡ። ባለቤትነት ለማዛወር ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ተጨማሪ የይለፍ ቃል) ከተከፈተ 7 ቀን ማለፍ አለበት፤ በርክክብ ቀን ሊደረግ ሲሞከር እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ መልቀቅ ይቅር። ቴሌግራም ምስሉን ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ ማኅተሙ ይነበባል፣ ቀኑ አይነበብም። ጽሑፉን ገልብጠው ይለጥፉ። ቢሮው ኮምፒዩተር ላይ በድሮው፣ ዩኒኮድ (በሁሉም ስልክና ኮምፒዩተር የሚነበበው የፊደል አሠራር) ባልሆነ የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ግን ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው እንደገና በዩኒኮድ መጻፍ ነው፤ ስልክ ላይ መጻፍ ይቀላል።

ስማርት ስልክ ለሌለው ኤስኤምኤስ። አማርኛ በአንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ክፋይ 67 ይሆናል፣ ሒሳቡም በክፋይ ነው። ኦሮምኛና ሶማልኛ በላቲን ስለሚጻፉ 160 ይይዛሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኦሮምኛው ሁዻ (በቃል መሃል የሚገባው ' ምልክት) ከዎርድ ሲገለበጥ ቀጥ ያለው ጭረት ጠመዝማዛ ሆኖ ይመጣል፤ ያ አንድ ምልክት ብቻ መልእክቱን በሙሉ ወደ 70 ያወርደዋል። ሁዻውን ስልኩ ላይ ቀጥ ባለው ምልክት ይተኩት። በጅምላ ለመላክ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በተቋም ስም ውል ያስፈልጋል፤ በግል ስልክ ለ400 ሰው መላክ አያዋጣም።

የቀፊራ_እናት
የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አባል ነኝ። የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው ወንድሞቼ፣ ግን አንድ ነገር ዘለላችሁ፦ ቤት ውስጥ ጽሑፉን ለእናቱ የሚያነበው ልጁ ራሱ ነው። «የቀሩ ተማሪዎች ወላጆች ይምጡ» የሚለውን መስመር ዘሎት ቢያነብ ማን ያውቅበታል?

ስለዚህ ድምፅ ይላክ። በሦስቱም ቋንቋ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ያልበለጠ፤ ቋንቋው አፍ መፍቻው በሆነ መምህር ይቀዳ። ከአማርኛው ቃል በቃል አይተርጎም፣ ነጥቡ ይሰጠውና በራሱ አፍ ይናገረው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቀንና ሰዓት ይሁን፤ «የተከበራችሁ ወላጆች» እያለ ግማሽ ደቂቃ የሚበላ ድምፅ ገበያ መሃል ቆሞ የሚሰማው የለም።

ሰዓቱም አለ። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ድሬ ወይ ተኝታለች ወይ በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ናት። ዓርብ ቀትር ጁምአ ነው። ማታ ከ1:30 በኋላ ይላክ፣ የስብሰባ ማስታወሻ ደግሞ በዋዜማው ይደገም።

ጉድኝት_ድሬ
በጣም አመሰግናለሁ። የልጁ ነገር አልታየኝም ነበር። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ የሽልማት ፎቶና ስም መለጠፍ ይቻላል? ስልክ ጭራሽ ለሌለው ገጠርስ?

ሮስተር
ፎቶውን በፈቃድ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ባይወጣም ያው ነው። በምዝገባ ጊዜ ግማሽ ገጽ ቅጽ ያስሞሉ፣ ሦስት ሳጥን ያለው፦ ስም ይውጣ፣ ፎቶ ይውጣ፣ ምንም አይውጣ። ወላጅ በማንኛውም ጊዜ ሐሳቡን መቀየር እንደሚችል ይጻፍበት፣ ማንበብ ለማይችል በአፍ ይነገረው። የፈቀዱት ዝርዝር ፎቶ አንሺው እጅ ይኑር እንጂ ፋይል ውስጥ አይቆለፍ። የቡድን ፎቶ ላይ አንድ ያልተፈቀደለት ልጅ ካለ ፎቶው ይቀራል፤ ፊቱን በስቲከር መሸፈን ልጁን የባሰ ያስጠቁመዋል።

የወደቀ ልጅ ስም የትም አይለጠፍ። ሮስተር (የክፍሉ ሁሉ ስምና ውጤት የተዘረዘረበት ሰንጠረዥ) ፎቶ አንስቶ መልቀቅም ያው ነው። የሚኒስትሪ መፈተኛ ካርድ በደስታ ሲለጠፍ ደግሞ የምዝገባ ቁጥሩ አብሮ ይወጣል፤ ውጤት በዚያ ቁጥር በሚታይበት ቦታ ማንም ከፍቶ ያያል።

ለገጠሩ ወረቀት ነው። አንዱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ አንዱ ወፍጮ ቤት ወይም ቦኖ አጠገብ፤ ሰው ወረፋ የሚጠብቅበት ቦታ ይመረጥ። በትልቅ ፊደል፣ ከስምንት መስመር ያልበለጠ። ወሩ ሲያልቅ የድሮው ይነሳ፤ አምስት ማስታወቂያ የተደራረበበት ግድግዳ ማንም አያነበውም።

ናሙና (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው)፦

«ካርድ የሚሰጠው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 6:00 ነው፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ራሱ ይምጣ። በመጀመሪያው ሴሚስተር 7ኛ ክፍል ከተፈተኑት 48 ልጆች 39ኙ በሒሳብ 50ና ከዚያ በላይ አግኝተዋል፤ አምና በዚሁ ጊዜ ከ51 ልጆች 36 ነበሩ። ለቀሩት 9 ልጆች ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ከ2:30 እስከ 5:00 ማጠናከሪያ ይሰጣል፤ የእያንዳንዱ ልጅ ጉዳይ ካርድ ሲሰጥ ለወላጁ ብቻ ይነገራል።»

የቀፊራ_እናት
ጥሩ ነው፣ ግን ናሙናው ላይ የሚጠየቅ ሰው የለም። ቅዳሜ ገበያ ያለባት እናት መቼ ትምጣ? ርእሰ መምህሩ በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ቢሮ እንደሚገኝ አንድ መስመር ጨምሩበት።