ፈረንጅ አራዳ እና «አራዳ ነው»፦ የአንድ ቃል ትርጉም የሄደበትን መንገድ እንዴት እንከታተል?

ኮቺ ሰፈር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር የአራዳ ቃላት እየሰበሰብን ነው። «ፈረንጅ አራዳ ውረድ» ሲባል የሰፈር ስም ነው፤ «እሱ እኮ አራዳ ነው» ሲባል ደግሞ የሰው ጠባይ። ተማሪዎቹ ሁለቱ የሚገናኙ አይመስላቸውም። ትልልቅ ሰዎችን «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁም ሁሉም «ብልጥ» ብሎ ይመልስላቸዋል፤ ለውጡ የቱ ጋ እንደተከሰተ አይታይም። በምን ዘዴ እናውጣው?

አዌቱ ማዶ
መምህር፣ በደንብ ይገናኛሉ። አራዳ አስቀድሞ የገበያና የቦታ ስም ነበር። አዲስ አበባ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ አራዳ ይባል ነበር፤ የከተማው ፖሊስም «የአራዳ ዘበኛ» ይባል ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያውን ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ሲያዛውረው ስሙ ከሰፈሩ ጋር ቀረ።

ከቦታ ወደ ጠባይ ያሻገረው «የአራዳ ልጅ» የሚለው ሐረግ ነው። እሱን ልብ ይበሉልኝ፤ ሁለት ትርጉም በአንዴ ይሸከማል። የሰፈሩ ተወላጅም ይሆናል፣ በገበያ መሀል አድጎ የማይሸወድ ሰውም ይሆናል። ሰሚው ሁለተኛውን መርጦ ሲለምደው «የ» እና «ልጅ» ይወድቃሉ፣ «አራዳ» ብቻውን ቅጽል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ገጠር የተወለደም አራዳ ሊባል ይችላል። የእናንተ ፈረንጅ አራዳ የቦታነቱን ትርጉም እንደያዘ አለ። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው የግድ አይጠፋም።

ተማሪዎቹ የሚፈልጉት እንዲህ ሁለት ዓይነት የሚሰማ ዐረፍተ ነገር ነው። ሌላ ምሳሌ «ቀውጢ»። በዜና «በዚያ ቀውጢ ሰዓት» ሲባል ጭንቅ ነው፤ «ሠርጉ ቀውጢ ነበር» ሲባል ግን ምስጋና ነው። መሀል ላይ ያለው «ስታዲየሙ ተቀወጠ» ነው፤ ረብሻም ደስታም ሊሆን ይችላል። «አባ ጅፋር በ2010 ዋንጫውን ሲወስድ ጅማ ተቀወጠች» ቢባል ማንም ረብሻ ነው ብሎ አይሰማውም። ግርግሩ ከቃሉ ጋር ቆየ፣ ፍርሃቱ ግን ከላዩ ተራገፈ።

ቃል ለቃሚ
የአዌቱ ማዶ ትክክል ነው። እኔ ስለ አጠያየቁ ልጨምር፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

«ትርጉሙ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት። ሰው ትርጉም ሲጠየቅ ሁሉንም የሚሸፍን አንድ ቃል ፈልጎ ይሰጣል፤ «ብልጥ» የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በምትኩ «ተቃራኒው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። አራዳ ቦታን በሚያስታውስበት ጊዜ ተቃራኒው ባላገር ነው። ንቃትን ሲያመለክት ፋራ ይሆናል። አንድ ነገር ተለምኖ እምቢ ያለውን ሰው «አራዳ ሁን እንጂ!» ስንለው ደግሞ ተቃራኒው ግግም ነው፤ እዚህ ላይ አራዳ ማለት ሰው የሚረዳ፣ የማያካብድ ማለት ሆኗል። ተቃራኒው በተለወጠበት ቦታ ትርጉሙም ተንቀሳቅሷል።

ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቃል ቢያንስ 15 ዐረፍተ ነገር ይያዝ፦ 5 ከ15–25 ዓመት፣ 5 ከ35–45፣ 5 ከ60 በላይ ከሆናቸው። ዐረፍተ ነገሩ እንደተባለ ይጻፍ፤ ሰዋስው አይታረም። አጠገቡ የተናጋሪው ዕድሜ፣ ለማን እንደተናገረ (ለጓደኛ፣ ለእናት፣ ለደንበኛ)፣ ቀኑ። የሰው ስም አይጻፍ። «ለማን» የሚለውን ዓምድ አብዛኛው ሰው ይዘለዋል፤ ቃሉ ከአራዳ ቋንቋ መውጣቱን የሚያሳየው ግን እሱ ነው። ልጅ ለእናቱ «ምሳው አሪፍ ነው» ብሎ ማንም ካልተቆጣ፣ አሪፍ የሁሉ ቃል ሆኗል ማለት ነው።

«አሪፍ»ን ካነሳን፣ ከዐረብኛው «ዓሪፍ»፣ ዐዋቂ ከሚለው የመጣ ነው። ዛሬ ለምግብም ለጫማም ይባላል። ሆኖም «አሪፍ ነኝ ባይ» ሲባል አሁንም የሚነገረው ስለ ሰው ነው፤ ዐዋቂ ነኝ፣ አልሸወድም የሚል ማለት ነው። የረጉ ሐረጎችን ሰብስቡ፤ አሮጌ ትርጉም እዚያ ውስጥ ነው ተደብቆ የሚቆየው።

ኮቺ ሰፈር
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ወጣት አንድ ቃል ብሎ ሽማግሌ ካላለው ለውጥ ነው ማለት እንችላለን? የቃል ምንጭ ሲነገረንስ እንዴት እናጣራ?

ቃል ለቃሚ
ለመጀመሪያው፦ ብቻውን አይበቃም። አንዳንዱን ቃል ሰው በወጣትነቱ ብሎት ትዳር ሲይዝ ይተወዋል፤ ቃሉ ሳይሆን ሰውየው ነው የተለወጠው። የሚለየው ቀን ያለበት ጽሑፍ ነው፤ የድሮ ደብዳቤ፣ የድሮ ጋዜጣ። «በልጅነትዎ እንዲህ ይሉ ነበር?» የሚለው ጥያቄ አስተማማኝ አይደለም፤ ሰው የዛሬውን ትርጉም ወደ ኋላ ይወስደዋል።

አዌቱ ማዶ
ስለ ምንጭ፣ ሦስት ነገር አብሮ ይፈተን፦ ድምፁ፣ ትርጉሙ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች የተገናኙበት ቦታ። አንዱ ከጎደለ ጥያቄ ምልክት ይደረግበት። ክፍል ውስጥ ለማንሳት ባይመችም «ጨብሲ» ሦስቱንም ያልፋል። ከጫት በኋላ ምርቃናን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ ነው። በኦሮምኛ «ጨብሱ» መስበር፣ «ጨብሲ» ደግሞ «ስበር!» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ጫት ባለበት ሁሉ ጎን ለጎን ይነገራሉ። እዚህ ትርጉሙ የሄደው ከአራዳ በተቃራኒ ነው፤ ጠቧል። በኦሮምኛ እንጨትም ብርጭቆም ይሰበርበታል፤ በአማርኛ ግን «ብርጭቆውን ጨብሲ» የሚል የለም፤ ትእዛዝነቱም ቀርቶ ስም ሆኗል፣ «ጨብሲ ላይ ናቸው» እንደሚባለው።

ኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱ ተማሪዎች «ትክክለኛው ትርጉም መስበር ነው፣ አማርኛው ስህተት ነው» ሊሉ ይችላሉ። ሁለቱን በሁለት ዓምድ ያስጽፏቸው፤ ምንጩ አንድ ዓምድ፣ የዛሬው አነጋገር ሌላ ዓምድ።