ክርክር፦ ከሆስፒታል የወጣ በረንዳ አዳሪ የት ይተኛ?

ሲስተር፦ ጤና ይስጥልኝ ሁላችሁም። አንድ ጉዳይ ላንሳ፤ የማትስማሙ ካላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ዋርዳችን ውስጥ መኪና ገጭቶት እግሩ ላይ ብረት የገባለት ወጣት ነበር። ቀን መርካቶ ዕቃ ይሸከማል፣ ማታ በረንዳ ያድራል። ሲወጣ ወረቀቱን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ቁስሉ በየሁለት ቀኑ ይታጠብ። ውሃ አይንካው። እግርህን ትራስ ላይ ከፍ አድርገህ ተኛ። ኪኒኑን ምግብ በልተህ ዋጥ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለራጅ ተመለስ። ይህን ሁሉ የምለው ትራስ ለሌለው ሰው ነው። እህል የሚቀምሰውም ሲሸከም ነው። ጊዜው ደግሞ ሐምሌ ነበር።

መሀል ከተማ ላይ፣ እነ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ ራስ ደስታና ምኒልክ አካባቢ፣ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የማገገሚያ ቤት መኖር አለበት እላለሁ። ሆስፒታል አይደለም፤ ቋሚ መጠለያም አይደለም። አልጋ፣ ምግብ፣ ሻወር፣ ቁስል የሚያጥብ አንድ ነርስ። ድኖ እስኪነሳ ብቻ።

የፒያሳ ልጅ፦ ሲስተር፣ ማንም ያዝናል። መሀል ከተማ የምትዪው ግን አልገባኝም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ስንት ዓመት የኖርንበትን ሰፈር ለቀን ወደ ዳር ሄደናል። ለነዋሪው ያልተገኘ ቦታ ለዚህ ከየት ይመጣል? ዳር ይሠራ። ደግሞስ ድኖ አልወጣም ቢል ማን ያስወጣዋል? የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉን አለርትን እዩ። ዘነበወርቅ አካባቢ ለሕክምና የመጣው ሰው ስንቱ እዚያው ቀረ?

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ የዘነበወርቁን ነገር አጥርተን እናውራ። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ እዚያ የቀረው አልጋው ተመችቶት አይደለም። ቢድንም አገሩ አይቀበለውም ነበር። ጎረቤት ጽዋ አይጋራውም፣ ልጁን የሚያገባለት የለም። እግሩ የተሰበረ ተሸካሚ ግን ሲድን ሥራው አለ፣ ጓደኞቹ አሉ። ዳር ይሠራ ያልከውንም አልቀበልም። ክራንች የያዘ ሰው ለቀጠሮ ሁለት ታክሲ ተጋፍቶ አይመጣም። ቀጠሮው ይቀራል፣ ቤቱም የስም ይሆናል።

አንድ አባል፦ መቄዶንያ አለ አይደል? ስድስት ኪሎ ማዘር ትሬዛ አለ። ለምን አዲስ ነገር?

ሲስተር፦ ሁለቱንም እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን መቄዶንያ የሚያነሳው በዋናነት ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ነው። እዚያ ለሁለት ወር ብቻ የሚተኛ የሃያ ዓመት ልጅ ብናስገባ የአንድ ሽማግሌ ቦታ ይዟል ማለት ነው። የማዘር ትሬዛ ቤትም ከአቅሙ በላይ ነው የሚሸከመው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እኔ ሌላ ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ጓንትና ግሉኮስ ከውጭ ግዙ እየተባለ ነው ሰው የሚታከመው። መጀመሪያ እሱ ይሟላ። ከሆስፒታል ውጭ ያለ አልጋ የመጨረሻው መስመር ላይ ነው መምጣት ያለበት።

ሲስተር፦ አልጋውን እኮ አሁንም እየከፈልንበት ነው። አንዳንዱን ሐኪሙ አዝኖ አያስወጣውም። መታከሙ አልቆ ሦስት ሳምንት ዋርድ ውስጥ ይቆያል። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ በስትሬቸር የሚያድር ሰው አለ።

የሕዝብ ጤና ተማሪዋ፦ ይህ ሌላ አገር ተሞክሯል። ቦስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 መጠለያ ውስጥ በ25 አልጋ ተጀመረ። ዛሬ የራሱ ሕንፃ ያለው፣ ከመቶ አልጋ በላይ ያለው ተቋም ሆኗል። ቺካጎ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት አለ። ቤት አልባ ሕሙማን ከሆስፒታል ወጥተው ማገገሚያ ገቡ፤ ከዚያ ቋሚ ቤትና የሚከታተላቸው ሶሻል ዎርከር ተሰጣቸው። ይህን ካላገኙት ጋር ሲወዳደሩ ሆስፒታል የተኙበት ቀን በ29 በመቶ፣ ድንገተኛ ክፍል የሄዱበት በ24 በመቶ ቀነሰ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ጥናቱን አከብራለሁ። ግን እዚያ የሚቆጠበው በሽተኛው ስለሚመለስ ነው። አምቡላንስ ያነሳዋል፣ ድንገተኛ ይገባል፣ ለዚያ የሚከፍል አካል አለ። እኛ ጋ ብዙው አይመለስም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጓደኞቹ ሳንቲም ያዋጡለታል፣ አንድ ቀን ጠዋት ፖሊስ ሬሳውን ያነሳል። ካልተመለሰ ምን ይቆጠባል? ያንን ቁጥር ይዛችሁ ጤና ቢሮ ብትሄዱ ማንንም አታሳምኑም።

ሲስተር፦ እስካሁን ከተባለው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። እውነትህን ነው። በገንዘብ ብቻ ካሰብነው የሞተ ሰው ርካሽ ነው። ስለዚህ በቁጠባ አልከራከርም። እኔ የምከራከረው ሕክምናው አላለቀም ብዬ ነው። ያንን እግር ለመጠገን ሐኪም ለሰዓታት ቆሟል፣ ደም ተሰጥቷል፣ ብረት ተገዝቷል። ጭቃ ገብቶበት ሲመርዝ ይቆረጣል። ግማሹን ሠርተን ነው በር ላይ የምንለቀው።

ሌላኛውን ግማሽ ቤተሰብ ነው የሚሠራው። የሆስፒታላችን አሠራር አስታማሚ አለ ተብሎ የታሰበ ነው። መድኃኒት የሚገዛው፣ ምግብ የሚያመጣው፣ ሽንት ቤት የሚያደርሰው፣ ሲወጣ የሚረከበው አስታማሚ ነው። አስታማሚ ለሌለው ሰው ምን አዘጋጀን? ምንም።

የሕዝብ ጤና ተማሪዋ፦ እንግዲያው ከአገራችን ልጥቀስ። አጣጥ ሆስፒታል፣ ጉራጌ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የነፍሰ ጡሮች ማቆያ ከፈተ። ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት ቀኗ ሲቃረብ መጥታ ሆስፒታሉ ግቢ ትቆያለች። ዛሬ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ማቆያ ቤት አላቸው። የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልም አለ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያ ሲጀመር፣ ለተቸገሩት የምግብ፣ የትራንስፖርትና የቤት ኪራይ ድጋፍ ነበር። እዚያና ጎንደር የታከሙ የ612 ሕሙማን ውጤት ታትሟል፤ 78.6 በመቶው ሕክምናቸው ተሳክቷል። ከክኒኑ ጋር ጣሪያም ሕክምና ነው ብለን አንድ ጊዜ ሠርተንበታል።

የፒያሳ ልጅ፦ ቲቢው ይተላለፋል፣ ስለዚህ ገንዘብ ይገኝለታል። የተሰበረ እግር ለማን ያሰጋል?

ከጎዳና የተነሳሁ፦ እኔ ልናገር። ኖሬበታለሁ። በረንዳ ላይ መድኃኒት አይቆይም። ፌስታሉን ይሰርቁሃል፣ ወይ ዝናብ ያርሰዋል። ስኳር ያለበት ጓደኛ ነበረኝ፤ ኢንሱሊኑን ሻይ ቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡልኝ ብሎ ይለምን ነበር። አንዷ እናት ብቻ እሺ አለችው። ሻይ ቤቱ ሲፈርስ እሱም አልቆየም። ነጻ ሕክምና ለማግኘት ወረዳ ስትሄድ መታወቂያ ይሉሃል። የጤና መድህኑም፣ የድሃውን መዋጮ መንግሥት ይከፍላል ይባላል። ግን መዝገብ ላይ የሌለ ሰው በምን ይገባል?

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ግቢው በር የሚቆለፍበት ከሆነ ማንም አይገባም። የጎዳና ልጅ አፈሳ ያውቃል። መኪና ላይ ጭነው ራቅ ያለ ቦታ የወሰዱት ሰው፣ ልናሳክምህ ነው ብትለው አያምንህም። ያልተቆለፈ በር ይሁን፤ በሩ ላይ ደግሞ ዱላ የያዘ ዘበኛ አይቁም።

ጡረተኛው፦ ይህ መጻፍ ያለበት ነገር ነው። እኔ አዲስ ሕንፃ ከመጠየቅ ባለው መጀመርን እመርጣለሁ። ሆስፒታል አካባቢ የቀሩ ቤርጎዎች አሉ። ጥቂት ክፍል ይከራዩ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነርሶች ናቸው፤ ቤት ለቤት መሄድ ሥራቸው ነው። እነዚያን ክፍሎች እንደ ቤት ቆጥረው ይግቡ።

የፒያሳ ልጅ፦ ቤርጎ ከሆነ እሰማለሁ። ግን ማሳሰቢያዬን አልተውም። ድኖ ሲወጣ ተመልሶ በረንዳ ከሆነ ምን ሠራን? ሲስተርም አልመለሰችም፣ ቦስተንም አልመለሰልኝም። ቺካጎዎቹ እኮ ቋሚ ቤት ሰጥተዋል ተብሏል።

ሲስተር፦ ልክ ነህ፤ የቤቱ ጥያቄ አልተመለሰም። እኔም አልመልሰውም። ግን በሁለት እግሩ ቆሞ በረንዳ የሚመለስና አንድ እግሩ ተቆርጦ የሚመለስ ሰው እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ተሸክሞ ይበላል። ያንን ለማዳን ቤት እስኪሠራ አልጠብቅም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እሺ። የስድስት ክፍል ኪራይ፣ ምግብና ፋሻ ወጪውን እኔ ልሥራው። ሲስተር፣ አንድ ሰው በግምት ስንት ቀን ይተኛል?

ሲስተር፦ ስብራት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያዝ። የሆድ ቀዶ ሕክምና ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት። የተቃጠለውን ለብቻ አስላው፤ እሱ ይረዝማል።

ከጎዳና የተነሳሁ፦ ጥበቃውን ከወጪው አውጣው። እኔ አድራለሁ።