መኪናዬ መልካ ቁንጡሬን አለፍ እንዳልን ጋለብኝ፤ ልጆች ይዣለሁ፣ ቶሎ መልሱልኝ

የሦስት ልጆች አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። መንገድ ዳር ቆሜ ነው የምጽፈው። ዛሬ በጠዋት ከአዲስ አበባ ወጥተን መልካ ቁንጡሬን አየን። ከዚያ አዳዲ ማርያም፣ ከዚያ ትክል ድንጋዮቹን ለማየት ጢያ ልንሄድ ነበር። የአዋሽን ድልድይ ተሻግረን ትንሽ እንደሄድን የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ወጣ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። ትንሿ ልጄ እያለቀሰች ነው። ሁለት ሃይላንድ ውሃ አለኝ። አሁኑኑ ልጨምርበት? ወይስ ቀስ እያልኩ ጢያ ድረስ ልንዳው? እዚያ ጋራዥ ይኖራል? ስልኬ 14 በመቶ ነው።

መሪ ጨባጭ፦
ውሃ ጨምርበትና ቀጥል። እኔም አንዴ እንዲህ ሆኖብኝ ውሃ ጨምሬ ቡታጅራ ገብቻለሁ።

አሮጌው መካኒክ፦
ኧረ በፈጠረህ! ልጄ፣ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካው! ሞተሩን አጥፋ። አሁን ብትከፍተው የፈላው ውሃ ተስፈንጥሮ ፊትህ ላይ ነው የሚያርፈው። ስንቱን ተቃጥሎ ጋራዥ ሲመጣ አይቻለሁ።

እስኪበርድ ድረስ ጊዜ አለህና አንድ ነገር ላስረዳህ። አንተ የቆምክበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ 100 አይደርስም። ሞተር ደግሞ 90 አካባቢ ነው የሚሠራው። ታዲያ ራዲያተሩ ለምን ሁልጊዜ አይፈላም? ክዳኑ ግፊት ይዞ ስለሚያፍነው ነው። የሆነ ቦታ ቀዳዳ ከተገኘ ግፊቱ ይወጣል፣ ውሃውም ወዲያው ይፈላል። ስለዚህ ውሃ መጨመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በየት እንደወጣ ፈልግ። ደግሞ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተደፋ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያኔ የጉዞው ወጪ ትዝ አይልህም።

ቢያንስ 45 ደቂቃ ጠብቅ። ኮፈኑን ግን አሁን ክፈተው፣ ይተንፍስ። በእጅህ ጨርቅ ይኑር።

የመንታዎች እናት፦
ወንድሜ፣ መኪናው ይቆይና ልጆቹ የት ናቸው? መኪና ውስጥ አታስቀምጣቸው፤ ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና ላያያችሁ ይችላል። በተሳፋሪ በር በኩል አውርዳቸው። ከአስፋልቱ ራቅ ብለው፣ ከመኪናው ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ጥላ ፈልገው ይቀመጡ። ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ራቅ አድርገህ አቁም። ከሌለህ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አኑር፣ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱን ሃይላንድ ለራዲያተር አትጨርሳቸው፣ አንዱ ለልጆቹ ይሁን።

የመንገድ ወዳጅ፦
ይቅርታ አድርግልኝና፣ እኔ እቅዱ ራሱ አልተዋጠልኝም። በአንድ ቀን ሦስት ቦታ፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር? ጢያ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳዲ ደግሞ ከዋናው መንገድ ወጥቶ መግባት ይፈልጋል። ልጆቹ የሚያስታውሱት የመኪናውን ወንበር ብቻ ይሆናል። መልካ ቁንጡሬ ብቻውን ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ለመሆኑ ምን ያህል ጊዜ ቆያችሁ እዚያ?

የታሪክ መምህር፦
በዚህ እስማማለሁ። መልካ ቁንጡሬ ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያልፈው ቦታ ነው። እዚያ ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ሰዎች ከባልጪት አካባቢ ያለውን ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየሰበሩ መሣሪያ ሠርተውበታል። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2024 መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ልጅ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድንጋዩን አይቶ «ይሄ እጅ ይቆርጣል?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ፣ ይቆርጣል። ያኔም የተፈለገው ለዚሁ ነበር። አደራ፣ መሬት ላይ ያገኙትን ለማስታወሻ ብለው ኪሳቸው እንዳይከቱ። ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ታሪኩን ያጣል።

መሪ ጨባጭ፦
ወገኖቼ ሰውየው መንገድ ላይ ነው፣ ትምህርቱ ይቆየን። ውሃ ጨምር ብያለሁ።

አሮጌው መካኒክ፦
መጀመሪያ ይብረድ ብያለሁ እኔም!

የሦስት ልጆች አባት፦
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ አልነካሁትም። ልጆቹን ዛፍ ሥር አስቀምጫቸዋለሁ፣ እናታቸው አብራቸው ናት። አሁን እንፋሎቱ ቀንሷል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከታች ውሃ ይንጠባጠባል። ከራዲያተሩ ላይኛው ክፍል ወደ ሞተር የሚሄደው ወፍራም ጎማ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ማሰሪያው አጠገብ። ፋኑ ደህና ይመስለኛል። 9 በመቶ።

አሮጌው መካኒክ፦
ይሄንን መጀመሪያ ብትለን ኖሮ! ደግ ነው፣ ቀላሉ ደርሶሃል። በደንብ ሲበርድ፣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘህ በጥቂቱ ፈታ አድርግ። ፉጨት ከሰማህ ተው፣ ጠብቅ። ካልሰማህ ክፈት። ከዚያ የጎማውን ማሰሪያ በካቻቢቴ ፍታ። ስንጥቁ ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነና ጎማው ትርፍ ርዝመት ካለው፣ የተሰነጠቀውን በቢላ ቁረጥና መልሰህ አስገብተህ አጥብቀህ እሰር። ርዝመቱ ካልደረሰ በፕላስተር ደጋግመህ ጠምጥመው። ለጥቂት ኪሎ ሜትር ይይዛል። ውሃውን ቀስ እያልክ ሙላ። ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ጥርስ ብቻ ግጠመው፣ ግፊት እንዳይበዛበት።

ከመነሣትህ በፊት የዘይት መለኪያውን አውጥተህ እይ። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ እንዳታስነሳው፣ ይጎተት።

ቀይ ቮልስ፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። አንድ ልጨምር፦ ስትነዳ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ መስኮቱንም ክፈት። ማሞቂያው ሙቀቱን ከሞተሩ ይስባል። ልጆቹ ይሞቃቸዋል፣ ግን ያግዛል። ኤሲ የሚባል ነገር አትንካ። መለኪያው ከግማሽ በላይ ከወጣ ወዲያው ቁም።

የቡታጅራ መንገደኛ፦
ወደ ጢያ አትሂድ፣ ወደ ኋላ ተመለስ። ድልድዩ ጋ ያለችው ከተማ በጣም ትቀርብሃለች። እዚያ ጎማ የሚሠሩ ልጆች ማሰሪያም አያጡም። እናትየውና ልጆቹ በሚኒባስ ወይም በባጃጅ ይሂዱ፣ አንተ ብቻህን ንዳው። ሰው ከቀነሰ ሞተሩም ይቀለዋል።

የመንታዎች እናት፦
በጣም ጥሩ ሐሳብ። እናትየው ግን ስልክ አላት? በየፊናችሁ እንዳትጠፋፉ። የምትገናኙበትን ቦታ አሁኑኑ ተነጋገሩ።

የታሪክ መምህር፦
ልጆቹ ጢያ ቀረ ብለው ካዘኑ ይህን ንገሩልኝ፦ ድንጋዮቹ ብዙ መቶ ዓመት ቆመው ጠብቀዋል፣ እነሱንም እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይጠብቋቸዋል።

እስከዚያ ዛፉ ሥር የሚጫወቱት ጨዋታ ልስጥ። ጢያ ላይ 36 ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ከምልክቶቹ አንዱ ሰይፍ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ለራሱ የሚሆን ትክል ድንጋይ መሬት ላይ በእንጨት ይሣል፣ ሦስት ምልክት ይምረጥ፣ ሌሎቹ ትርጉሙን ይገምቱ። እኔ ተማሪዎቼን ከመውሰዴ በፊት እንዲህ አደርጋለሁ። ቦታው ሲደርሱ ማንም ሳይነግራቸው ምልክት ፍለጋ ይሮጣሉ። ድንጋዮቹ የቆሙት መቃብር ላይ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ድንጋዩ ላይ እንዳይወጡ።

የመንገድ ወዳጅ፦
ይሄ ጨዋታ ደስ ይላል። የእኔዎቹ 5 እና 8 ዓመታቸው ነው፣ ለታናሹ ይሆናል?

የታሪክ መምህር፦
ይሆናል። ለታናሹ አንድ ምልክት ይበቃዋል።

አሮጌው መካኒክ፦
ልጄ፣ ቆረጥከው? ርዝመቱ ደረሰ?

ቀይ ቮልስ፦
ስልኩ ዘግቶ ይሆናል ጋሼ።

አሮጌው መካኒክ፦
ይሁን። ስልኩ ሲከፈት እንዲያየው ልጻፍለት። ከተማ ስትደርስ የታችኛውንም ጎማ አስፈትሽ። ሁለቱ እኩል ነው የሚያረጁት። በእጅህ ስትጨምቀው ደርቆ ከተንኮሻኮሸ ቀይረው። ውሃውንም አፍስሰህ ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹን፣ ሙላበት፣ በባዶ ውሃ ብዙ አትንዳ።

የመንታዎች እናት፦
ደርሳችሁ ከሆነ አንድ ቃል ብቻ ጻፉልን። ትንሿ ማልቀሷን አቆመች?

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ እኛም ቅዳሜ በዚያው መንገድ ልንወጣ ነው። አዳዲ ማርያም ለትንንሽ ልጆች ያስቸግራል?

የታሪክ መምህር፦
ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ መሬቱ ወጣ ገባ ነው፣ ውስጡም ጨለም ይላል። እጃቸውን ይዛችሁ ግቡ፣ ነጠላ ያዙ፣ ጫማ ይወልቃልና ወፍራም ካልሲ አድርጉላቸው። የአካባቢው ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑን ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዙታል። ካህናቱን ጠይቋቸው፣ ከእነሱ አፍ ሲሰማ ሌላ ነው።

አሮጌው መካኒክ፦
አንተ ደግሞ ከመውጣትህ በፊት የራዲያተርህን ጎማ እይ።