«ዓመት ያልተነካ ዕቃ ቆሻሻ ነው» ለተባለው

የአዘዞ ልጅ፦
ትናንት እዚሁ «ዓመት ያልተነካ ዕቃ ቆሻሻ ነው፤ ቆራሌ ጠርታችሁ አስረክቡት» ተብሎ የተለጠፈውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልሁም። የጥምቀት ልብስ የሚወጣው ለከተራና ለጥር 11 ነው። ጋን የሚወርደው ለሰርግና ለተዝካር ነው። በዚህ ሕግ ከሄድን ጎንደር ውስጥ መሶብ ያለው ቤት አይገኝም። ይህን የጻፈ ሰው ከተማውን ያውቀዋል?

የማራኪ ተከራይ፦
የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከተማውንም አውቀዋለሁ፤ አሁንም ቆሻሻ ነው እላለሁ። ስንቱ ሰው የሚኖረው አራት በአራት ክፍል ውስጥ ነው፤ 16 ካሬ ማለት ነው። አልጋው 3 ካሬ ይወስዳል፣ ቁም ሳጥንና ቡፌው 2፣ መቀመጫው 3፣ የውሃና የማብሰያው ጥግ 2። ለሰው የቀረው 6 ካሬ ነው። እዚያ ላይ የማይሠራ ቴሌቪዥን፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ «አንድ ቀን ይጠቅማል» የተባለ ቆርቆሮና ባዶ ጆንያ ይከመራል። ክምሩ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ክረምት ላይ አየር አይገባም፣ ልስኑ ይሻግታል። አይጥ የእርሳስ ውፍረት ባለው ቀዳዳ ትገባለች፤ ካርቶንና ጨርቅ ካገኘች እዚያው ትወልዳለች። ኪራይ የሚከፈለው ለካሬው ነው እኮ። ለተሰበረ ወንበር በየወሩ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው አለ።

እትዬ ሙዳይ፦
አንተ ልጅ፣ የተሰበረ ወንበርንና መሶብን በአንድ ስም አትጥራቸው። የሚበላሸው ስለተቀመጠ አይደለም፣ ባለቤቱ አቀማመጥ ባለማወቁ ነው። መሶብ እርጥብ እንጀራ አድሮበት ከተከደነ ይሻግታል። በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ካሰጡት ቀለሙ ይለቃል። ደርቆ ሲገባም ክዳኑ ገርበብ ይበል።

የሐበሻ ቀሚስ ሳይታጠብ አይቀመጥ። ብልና ሌላውን ነፍሳት የሚጠራው ልብስ ላይ የቀረው ላብና የወጥ ጠብታ ነው። ታጥቦ፣ ጥርት ብሎ ደርቆ፣ ጥልፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በንጹሕ አቡጀዲ ይጠቀለላል። በፌስታል አሥሮ ማስቀመጥ ማጥፋት ነው፤ ጥጡ ያልበዋል፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል። እጥፋቱም በየዓመቱ ቦታ ይቀይር፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ከታጠፈ ክሩ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ጋን ደግሞ በግራዋ ታጥቦ፣ ውስጡ ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ደኅና መሆኑን ለማወቅ በጣትህ አንጓ ምታው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው። ከታፈነ ስንጥቅ አለው፤ ያን ጊዜ ውሃ ሞልተህ አሳድረውና ጠዋት ሥሩን እይ።

የማራኪ ተከራይ፦
እትዬ፣ አንቱ እንዳሉት ከተያዘ መሶብ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ያሉት ሁሉ እኮ መንካት ነው። ታጠበ፣ ናፈሰ፣ ተፈተሸ ማለት ተነካ ማለት ነው። እኔ ያልሁት ዓመቱን ሙሉ ማንም ያልገለጠውን ነው።

የአዘዞ ልጅ፦
አሁን ቃልህን አጠፍህ። ትናንት «ያልተነካ» ስትል ያልተጠቀሙበት ማለትህ ነበር፣ ዛሬ ያልናፈሰ ሆነ። ሰው ትናንት ያልኸውን አንብቦ የእናቱን ሣጥን ለልዋጭ ቢያስረክብ ማን ይጠየቃል?

የማራኪ ተከራይ፦
የእናቱን ሣጥን ስጡ ያለ የለም።

የአዘዞ ልጅ፦
ሣጥኑ ዓመት አልተነካማ።

ቀሐ ማዶ፦
እናንተ ስለ መሶብ ትከራከራላችሁ፣ ቤቱን የሞላው ግን ሳህን ነው። በየቤቱ ቡፌው ለሃምሳ ሰው የሚበቃ ሳህን፣ ከአልጋው ሥር ሦስት አራት ትልልቅ ድስት፣ ጣሪያው ሥር አግዳሚ። ሁሉም ለድግስ ነው። እድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስትና ሳህን አለው። ለምን እያንዳንዱ ቤት የራሱን መጋዘን ያቆማል? አምስት ስድስት ጎረቤት ተስማምቶ አንዱ ድስቱን፣ አንዱ ሳህኑን፣ አንዱ ብርጭቆውን ይያዝ። አንድ ደብተር ይከፈት፤ ዓይነቱ፣ ብዛቱ፣ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን ይጻፍበት። ሳህኑ ከሥሩ በዘይት ቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ያለ ምልክት ከሆነ ድግሱ ካለቀ በኋላ የማን እንደሆነ አይለይም። የሰበረ በዓይነት ይተካ፤ በገንዘብ ከተባለ ዋጋው በተጨመረ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው።

የአዘዞ ልጅ፦
እድር በመጀመሪያ ለለቅሶ ነው። ሁለት ለቅሶ በአንድ ሳምንት ከገጠመ ድስቱ የት ይገኛል? ደግሞም የጋራ ዕቃ ጠባቂ የለውም። ድስቱ ሳይታጠብ ይመለሳል፣ ክዳኑ ይጠፋል፣ አግዳሚው ዝናብ ላይ አድሮ ይጣመማል።

ቀሐ ማዶ፦
የሚጠፋው ቆጣሪ ስለሌለ ነው። የሚቆጥረው ሰው ከተለየ፣ መረካከቡ በቀን ብርሃን ከሆነ ክዳን አይጠፋም። ሲመሽ የተረከቡት ዕቃ ነው ሁልጊዜ የሚጎድለው።

የብረት ሚዛን፦
የሚወጣ ነው ብላችሁ የለያችሁትን ቆራሌ ከመጥራታችሁ በፊት ለዩት። ማግኔት ያዙ። የያዘው ብረት ነው። ያልያዘው አሉሚኒየም፣ መዳብ ወይም ነሐስ ሊሆን ይችላል፤ የማይዝገውም ብረት ብዙ ጊዜ አይያዝም። መዳብና ነሐስ ከብረት ጋር ተደባልቆ ከቀረበ በብረት ዋጋ ይሄዳል፣ ኪሳራው የእናንተ ነው። ሽቦውን ለመዳቡ ብላችሁ አታቃጥሉ፤ የፕላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው። የድሮው ጀርባው ትልቅ ቴሌቪዥን አይሰበር። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል፣ መስታወቱ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፣ ቱቦው ሲሰበር ስብርባሪው ይበተናል። የመኪና ባትሪም አይገለበጥም፣ አይከፈትም፤ አሲድና እርሳስ ነው፤ ቆሞ እንዳለ ለሚገዛው ይሰጥ።

ልዋጩንም ተጠንቀቁ። አንድ ጆንያ ልብስ ሰጥቶ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ መቀበል ንግድ አይደለም። መጀመሪያ ለሦስት ክፈሉት፦ የሚለበሰውን ለሚለብሰው ሰው ስጡ፣ የነተበው የጥጥ ጨርቅ ለመወልወያ ይቅር፣ የቀረው ለልዋጭ ይሂድ።

የብራና ወዳጅ፦
በዚህ ከተማ «አሮጌ መዳብ» እየተባለ የሚሄደው ምን እንደሆነ አስቡ። የድሮ መስቀል፣ ጽና፣ የብራና ቅጠል በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አለ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብና እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። ስለዚህ ጥርጥር ካለ ከሚዛን በፊት ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይታይ። በሎሚና በአመድ ፈትጎ ማብረቅም ይቅር፣ ጽሕፈቱን ይበላዋል። የብራና ቅጠል በፕላስተር አይጠገን፤ ሙጫው ወደ ቆዳው ገብቶ ያጠቁረዋል።

አንገረብ በታች፦
ስለ ጀሪካን ማንም አላነሳም። «ቤቱን የሞላው ባዶ ጀሪካን ነው» የሚሉ አሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጀሪካን እንዴት ቆሻሻ ይባላል? ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብትይዙ፣ አምስት ሰው 100 ሊትር፣ ሳምንት 700 ሊትር፤ 35 ባለ 20 ጀሪካን ነው። እና የትኛውን ላውጣ?

የማራኪ ተከራይ፦
35ቱም ደኅና ከሆኑ አንዱንም አታውጣ። የሚወጣው የሚያፈሰው፣ ክዳን የሌለው፣ ጋዝ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ነው። የፀረ ተባይ ጀሪካን ቢታጠብ መቶ ጊዜ ለመጠጥ አይሆንም። ቀዳዳውን በላስቲክ አቅልጦ የሚደፍነውም ቢሆን ሙሉ ጀሪካን ሲነሣ ይከፈትበታል። ነጩን ፀሐይ ላይ የሚያስቀምጥ ደግሞ አረንጓዴ ያበቅላል።

አንገረብ በታች፦
ይህን ትናንት ብትጽፈው ኖሮ ማን ይከራከርህ ነበር? «ዓመት ያልተነካ» ብለህ በጅምላ ፈረድህ እንጂ።

የአዘዞ ልጅ፦
በትክክል።

የማራኪ ተከራይ፦
ቦታ ያለው 1 ሺህ ሊትር ሮቶ ያስቀምጥ፣ ጀሪካኑ ግማሽ ይበቃዋል።

አንገረብ በታች፦
ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 1 ሺህ ኪሎ ነው። የተከራየኸው ቤት የእንጨት ቆጥ ላይ ታቆመዋለህ? ሥሩ ደልዳላ ኮንክሪት ካልሆነ አንድ ጎኑ ይሰምጣል፣ የታችኛው መገጣጠሚያ ይሰነጠቃል። አከራይ ደግሞ ኮንክሪት አያስፈስስም።

ነርሷ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ዕቃ ይወዳል ማለትና መተው አለመቻል የተለያዩ ናቸው። ምድጃው በዕቃ ተዘግቶ፣ አልጋው ላይ መተኛት ቀርቶ፣ ባዶ ጠርሙስ ሲወሰድበት የሚጨነቅ ሰው ካለ ሕመም ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። እንዲህ ያለ ሰው ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ልጆቹ ቤቱን ጠርገው ቢጠብቁት ይብስበታል፣ በልጆቹም ላይ ያለውን እምነት ያጣል። አብሮ ተቀምጦ በትንሹ ነው፤ አንድ መደርደሪያ፣ ከዚያ ይብቃ። የእሳት አደጋ ያለበት ግን አይቆይም፦ ከከሰል ማንደጃውና ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያው አጠገብ ያለው ካርቶን በመጀመሪያው ቀን ይነሣ፣ የበሩም መንገድ ይከፈት።

መድኃኒቱንም እዩ። ቀኑ ያለፈበት፣ ማሸጊያው የተቀደደ፣ ሽሮፕ ሆኖ ተከፍቶ የከረመ አይሰጥም፣ አይቀመጥም። የተረፈ የኢንፌክሽን ክኒን ለጎረቤት ማካፈል ደግነት አይደለም፤ ግማሽ ሕክምና ነው።

እትዬ ሙዳይ፦
ነርሷ እውነትሽን ነው። እኔ የምጨምረው ጊዜውን ነው። ለእንቁጣጣሽ ተብሎ በነሐሴ ዕቃ ግቢ ማውጣት ትርፉ ማርጠብ ነው። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ ይውጣ። የጥጥ ፍራሽ ተፈትቶ በፀሐይ ይመታ፣ ዕቃው ከግድግዳው አንድ ጋት ይራቅ። ፎቶና ደብዳቤ መጨረሻ ላይ፤ በእነሱ የጀመረ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያነብ ይውላል። የቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝና ውል በአንድ ማኅደር ይለይ። የማሽን ደረሰኝ ጽሕፈቱ በሙቀት ይጠፋል፣ ፎቶ ኮፒ ይደረግ።

የማራኪ ተከራይ፦
በእትዬ ሐሳብ እስማማለሁ። ጋኑ ግን ለብዙ ቤት አያስፈልግም፤ ጠላ በበርሜል ይጠመቃል።

የአዘዞ ልጅ፦
በየትኛው በርሜል? ገበያ ላይ የሚሸጠው ሰማያዊ በርሜል ብዙው ኬሚካል የመጣበት ነው። ራስህ ስለ ጀሪካን የጻፍኸውን መልሰህ አንብበው።

የማራኪ ተከራይ፦
የምግብ የነበረበትን መርጦ መግዛት ይቻላል።

እትዬ ሙዳይ፦
በርሜል በወይራ አይታጠንም ልጄ።

ቀሐ ማዶ፦
ጋን የሌለው ከእድሩ ይወስዳል አልሁ እኮ።

የአዘዞ ልጅ፦
የእድሩ ጋን ስንት ነው? ሁለት። አንዱ አፉ የተሸረፈ።